ከተራራ የሚወርድ ውኃና የቤታችን ቧንቧ

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው የመንገዱን ዳገትነት ከማንም ሳይጠይቅ በገዛ ጉልበቱ ይረዳዋል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ሥራ መሆኗ በትውፊት የሚነገርላት አሸተን ማርያም ግን ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከዐለት ተፈልፍላ የቆመች ናት። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ተሸክሞ ይህን ዳገት የሚወጣ ሰው ሃያ ኪሎ ግራም ክብደት ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ያነሣል። የሚያደክመውም የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከፍታው ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ያው ሃያ ሊትር ውኃ ከአምባው ወደ ከተማዪቱ በቧንቧ ቢወርድ፣ ተሸካሚው የደከመበት ኃይል ወዴት ይሄዳል? ጠፍቶ አይጠፋም። ውኃው በነጻ ሲወርድ በፍጥነት ይገለጣል፤ ከታች መውጫው ሲዘጋበት ደግሞ በግፊት ይገለጣል። ይህ ግፊት ለተራራ አገር ሕዝብ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ ውኃን ከምንጩ እስከ ደጃፍ ያደርሳልና። ዳሩ ግን መጠኑን ሲያልፍ ቧንቧ ያፈነዳል፣ ውኃ ያባክናል፣ ከዚህም በላይ አንዱን ጎረቤት አጥግቦ ሌላውን ያስጠማል። ስለዚህ ግፊቱ ከየት እንደሚመጣና በየቤቱ እንዴት እንደሚገታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግፊት ማለት አንድ ኃይል በሚያርፍበት ስፋት ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። በጣት የተገፋ መርፌ ጨርቅ ይበሳል፤ በዚያው ጣት የተገፋ ማንኪያ ግን አይበሳም። ኃይሉ አንድ ሲሆን ያረፈበት ስፋት ይለያያል። የግፊት ዓለም አቀፍ መለኪያ ፓስካል ይባላል፤ ስሙም በ17ኛው መቶ ዘመን ስለ ፈሳሾች ጠባይ ከተመራመረው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከብሌዝ ፓስካል የተወሰደ ነው። ፓስካል እጅግ አነስተኛ መለኪያ በመሆኑ በቧንቧ ሥራ ዘወትር የሚነሣው ባር ነው፤ 1 ባር 100,000 ፓስካል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የመሬትን ስበት 9.8 ብለን 10 ሜትር ቁመት ያለው ውኃ በግርጌው ላይ የሚያሳድረውን ግፊት ብናሰላ 1,000 በ9.8 በ10 ተባዝቶ 98,000 ፓስካል ይሆናል። ይህም ከ1 ባር ጥቂት የሚያንስ ነው። ስለዚህ ለዕለት ሥራ የሚበቃው ደንብ አጭር ነው፤ በየ10 ሜትሩ ቁመት 1 ባር ቁጠሩ።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ቧንቧ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ግፊቱም የበለጠ ይመስላቸዋል። በስሌቱ ውስጥ ግን ቁመት እንጂ ስፋት አልገባም። የጣት ውፍረት ያለው ቧንቧና የበርሜል ውፍረት ያለው ቧንቧ ቁመታቸው እኩል ከሆነ፣ ውኃውም ቆሞ ካለ፣ በግርጌያቸው ያለው ግፊት እኩል ነው። ለዚህ ግሩም ማስረጃ የሚሆነን ከዚያው ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው። ግድቡን የሚገፋው ውኃ ወደ ኋላ ምን ያህል ርቆ ተንጣሎ እንደ ተኛ ለግፊቱ ምንም አይጨምርለትም፤ የሚቆጠረው ጥልቀቱ ነው። ስለሆነም የግድቡ ግንብ ከአናቱ ቀጠን፣ ከሥሩ ወፈር ብሎ ተሠርቷል።

ደንቡን ይዘን ወደ አሸተን እንመለስ። ለምሳሌ ያህል ከአምባው እስከ ከተማው በሐሳባችን አንድ ቧንቧ ብንዘረጋና ከታች ብንዘጋው፣ 500 ሜትር ቁመት 50 ባር ያህል ግፊት ይሰጠናል። ለመኖሪያ ሰፈር የሚዘረጉት የፕላስቲክ ቧንቧዎች በአብዛኛው 10 ወይም 16 ባር እንዲችሉ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ቧንቧ ታዲያ ከተማ ሳይደርስ ገና በመንገዱ አጋማሽ በፈነዳ ነበር። መሐንዲሶች በእንዲህ ያለው ቁልቁለት ላይ የሚያደርጉት ነገር የወሎ ገበሬ በማሳው ላይ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም። ገበሬው የጎርፉን ጉልበት ለመስበር በተዳፋቱ ላይ እርከን ይሠራል። መሐንዲሱም በቧንቧው መሥመር ላይ በየተወሰነው ዝቅታ የግፊት መስበሪያ ገንዳ ይሠራል። ገንዳው ለአየር ክፍት ስለሆነ ውኃው እዚያ ሲፈስ ከላይ ይዞት የመጣው ግፊት ያበቃል፤ ከገንዳው ወደ ታች ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ እንደ ገና ይቆጠራል። በየ80 ሜትሩ ዝቅታ አንድ ገንዳ ቢኖር ከ500 ሜትር የወረደው ውኃ በየትኛውም ስፍራ ከ8 ባር አይበልጥም።

ወደ ታች የወረደ ውኃ መልሶ ወደ ላይ መውጣት መቻሉም ከዚሁ ሕግ የመጣ ነው። በ1886 ዓ.ም. ገደማ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ስቦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ባመጣ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ሰው ውኃ ሽቅብ ወጣ ብሎ እጅግ ተደንቆ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በጉብታ ላይ ነውና ውኃው መጀመሪያ ወደ ዝቅታው ወርዶ ኋላ ወደ ጉብታው መውጣት ነበረበት። ሊወጣ የቻለው መነሻው ከመድረሻው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ነው። በእንዲህ ያለው መሥመር ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ግፊት የሚሸከመው ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተቀበረው ቧንቧ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ መኖሪያ ቤቶች እንግባ። ላሊበላ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የአዲስ አበባም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ዝቅታ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ከኮረብታ ላይ ተሠርቶ አንድ መሥመር ወደ ታች ወረደ እንበል። ከማጠራቀሚያው 15 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ አንድ ቤት አለ፤ የላይኛው ቤት እንበለው። ከማጠራቀሚያው 90 ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ ቤት አለ፤ የታችኛው ቤት እንበለው። ማንም ውኃ በማይቀዳበት በእኩለ ሌሊት የላይኛው ቤት ግፊት 1.5 ባር ሲሆን የታችኛው 9 ባር ነው። ሁለቱም ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ እኩል ይከፍላሉ።

ነገሩ የሚከፋው ቀን ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች በ9 ባር ግፊት ቧንቧቸውን ሲከፍቱ ውኃው በኃይል ይንዶለዶላል። በጋራው መሥመር ውስጥ ብዙ ውኃ በፍጥነት ሲያልፍ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ያለው ፍትጊያ ይበረታል፤ ፍትጊያውም የግፊቱን አንድ ክፍል ይበላል። ይህ ኪሳራ 15 ሜትር የሚሆን ቁመት ቢያጠፋ የታችኛው ቤት ገና 7.5 ባር ስለሚቀረው ምንም አይሰማውም። የላይኛው ቤት ግን ከ15 ሜትር ላይ 15 ሲቀነስ ዜሮ ነው። ቧንቧው ተከፍቶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። የቤቱ ልጅም ጀሪካኗን ይዛ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ወይም ሌሊቱን ነቅታ ውኃ ትጠብቃለች። በላይኛው ሰፈር ውኃ ጠፋ ሲባል ብዙ ሰው ምንጩ የደረቀ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ምንጩም አልደረቀ፣ ማጠራቀሚያውም አልጎደለ፤ ከታች ያለው ትርፍ ግፊት ነው የላይኛውን ድርሻ የሚወስደው።

በታችኛው ቤት ውስጥም ቢሆን ትርፉ በረከት አይደለም። በቧንቧ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ቀዳዳ ብትኖር በ8 ባር ግፊት በአንድ ቀንና ሌሊት 6,500 ሊትር ያህል ውኃ ታፈስሳለች። ይህ ከ300 የሚበልጥ ጀሪካን ነው። ግፊቱ ወደ 2 ባር ቢወርድ ያችው ቀዳዳ የምታፈስሰው በግማሽ ይቀንሳል። ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነቱ የሚያድገው በግፊቱ እጥፍ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ ግፊቱ በአራት ሲካፈል ፍሰቱ በሁለት ይካፈላል። ቀዳዳዋ በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለች ስንጥቅ ከሆነች ግፊቱ ራሱ አፏን ስለሚከፍታት ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው በነአኵቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ከሥሩ በተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች እየተጠራቀመ ለጠበልነት ይውላል። ያ ውኃ ምንም ግፊት የለውም፤ ነገር ግን ጠብታው ሁሉ ተቀባይ አለው። ከመሬት በታች በተሰነጠቀ ቧንቧ የሚሄደውን ግን የሚቀበለው የለም፤ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ የሚታወቀውም የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ግፊት የበዛበት ቤት ምልክቶች አሉት። ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ከመታጠቢያው ውጭ ይረጫል። የቧንቧው ጎማ በየጊዜው ይበላል፤ ዛሬ ተለውጦ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ገና ያንጠባጥባል። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ ኳሱ ውኃውን መዝጋት ተስኖት ሌሊቱን ሲያፈስስ ያድራል። አንዳንዴም ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ከግድግዳው ውስጥ በመዶሻ የተመታ ያህል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ የሚመጣው እየሮጠ የነበረ ውኃ በቅጽበት ሲታገድ ነው። በሰኮንድ 1 ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ውኃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በድንገት ቢቆም እስከ 12 ባር የሚደርስ ተጨማሪ ግፊት ለአፍታ ሊፈጥር ይችላል። በዚህ ምክንያት በመገጣጠሚያው ላይ የተጠመጠመው ክር እየላላ ይሄዳል።

ስንት ባር ይበቃል? ለመኖሪያ ቤት ከ2 እስከ 4 ባር ከበቂ በላይ ነው። በአሜሪካ የቧንቧ ሥራ ደንቦች ግፊቱ በካሬ ኢንች ከ80 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5.5 ባር፣ ሲበልጥ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ እንዲገጠም ያዛሉ። ነገር ግን ምንም ነገር ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። የግፊት መለኪያ ሰዓት በቧንቧው አፍ ላይ ይገጠማል፤ በቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፤ መርፌው የሚያመለክተው ቁጥር ይነበባል። ይህ በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊትም መደረግ አለበት። ቀን 4 ባር ያሳየ ሰዓት ሌሊት ጎረቤት ሁሉ ሲተኛ 8 ሊያሳይ ይችላል፤ ቧንቧዎችም ብዙ ጊዜ የሚፈነዱት በዚያ ሰዓት ነው።

አንዳንድ ሰው ግፊት ሲበዛበት በቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ በግማሽ ዘግቶ ችግሩን ያቃለለ ይመስለዋል። እውነትም ቧንቧ ሲከፍት ውኃው ለዘብ ብሎ ይወርድለታል። ይሁንና ይህ ማታለያ ነው። በግማሽ የተዘጋው መዝጊያ ግፊትን የሚቀንሰው ውኃው በጠባቡ ክፍተት ሲያልፍ በሚፈጠረው ፍትጊያ አማካይነት ነው። ውኃው ከቆመ ፍትጊያ የለም። እንግዲህ ቧንቧው ሁሉ በተዘጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የቤቱ ግፊት ከመዝጊያው ማዶ ካለው ጋር እኩል ሆኖ 9 ባር ይደርሳል። በሌሊት ቤቱን የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም ማለት ነው።

የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ከዚህ የሚለየው ውኃ ሲሄድም ሲቆምም የሚሠራ መሆኑ ነው። አሠራሩን በሚዛን መስለን እንመልከተው። ከነሐስ በተሠራው አካሉ ውስጥ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ስስ ሽፋን አለ፤ ዲያፍራም ይባላል። ይህን ሽፋን ሁለት ኃይሎች ከሁለት ወገን ይገፉታል። ከላይ አንድ የብረት ሞላ ወደ ታች ይጫነዋል። ከታች ደግሞ ወደ ቤት ያለፈው ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሽፋኑ ጋር በዘንግ የተያያዘ ክዳን አለ፤ ሽፋኑ ሲወርድ ክዳኑ ይከፈታል፤ ሽፋኑ ሲነሣ ክዳኑ ይዘጋል።

እንግዲህ ሞላው 3 ባር ያህል እንዲገፋ ተስተካክሏል እንበል። በቤት ውስጥ አንድ ሰው ቧንቧ ከፈተ። በቫልቩና በቧንቧው መካከል ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ከታች የሚገፋው ውኃ ይደክማል፤ ሞላው ያሸንፋል፤ ክዳኑም ተከፍቶ ከመንገድ መሥመር ውኃ ይገባል። ሰውየው ቧንቧውን ዘጋ። የገባው ውኃ መውጫ ስላጣ ግፊቱ ያድጋል፤ 3 ባር ሲደርስ ሽፋኑን ወደ ላይ አንሥቶ ክዳኑን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ በመንገዱ በኩል 9 ባር ይሁን 12፣ የቤቱ 3 ባር እንደ ሆነ ይቀራል። ቫልቩን ማንም አይጠብቀውም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም፤ ያለፈው ውኃ ራሱ ገና ለሚመጣው ውኃ በር ጠባቂ ሆኗል። ለእኔ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ በብልሃቱ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ነገር ግን ከቆጣሪ አጠገብ ተሸሽጎ ስለሚኖር ብዙ ሰው አንድ ጊዜም አያየውም።

በቫልቩ አናት ላይ ሞላውን የሚያጠብቅና የሚያላላ ቡሎን አለ። በብዙዎቹ ዓይነቶች ወደ ቀኝ ሲዞር ሞላው ይጠብቃል፣ የቤቱም ግፊት ይጨምራል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል። ሲስተካከል በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ፣ በየመካከሉም አንድ ቧንቧ ከፍቶ በመዝጋት ሰዓቱን ማንበብ ይገባል። ሳይከፍቱና ሳይዘጉ የተነበበ ቁጥር ያለፈውን እንጂ አዲሱን ልክ አያሳይም።

ስለ ቦታው ጥቂት እንጨምር። ቫልቩ የሚገጠመው ከቆጣሪውና ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎ፣ ውኃው ወደ ቤት ከመከፋፈሉ በፊት ነው። በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቀስት ውኃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ማመልከት አለበት፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ሥራውን አይሠራም። ከፊቱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ከተሞች ይህ ማጣሪያ የግድ ነው፤ ለቀናት ባዶ የነበረ ቧንቧ ውኃ ሲመለስለት በመጀመሪያ የሚያመጣው አፈርና ዝገት ነውና። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በክዳኑና በመቀመጫው መካከል ብትገባ ክዳኑ አጥብቆ አይዘጋም፤ ከመንገዱ የሚመጣው ግፊትም በዚያች ክፍተት ጥቂት በጥቂት እየሾለከ በማለዳ ቤቱን ሞልቶት ይገኛል። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የሰዓቱ መርፌ በዝግታ ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም ማጣሪያውን ማጠብ፣ ካልሆነም የክዳኑን ጎማ መለወጥ ነው።

በቤት ውስጥ ቦይለር ካለ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 0.8 ሊትር ያህል ቦታ ይጨምራል። ቫልቩ ከመኖሩ በፊት ይህ ትርፍ ወደ መንገዱ መሥመር ተመልሶ ይገፋ ነበር። አሁን ግን ክዳኑ ተዘግቶ ስለሚቆይ መሄጃ ያጣል፤ ውኃም በጫና እምብዛም የማይጨመቅ ስለሆነ ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል። ስለዚህ በቦይለሩ ላይ የሚሠራ የደኅንነት ቫልቭ መኖሩን፣ መውጫውም በምንም ነገር አለመደፈኑን ማረጋገጥ ያሻል። ሲያንጠባጥብ አይቶ በጨርቅ ወይም በቡሎን የሚደፍነው ሰው ቦይለሩን ወደ አደገኛ ዕቃ ይለውጠዋል። የተሻለው መንገድ አየር ያለበት አነስተኛ የመስፊያ ታንከር መጨመር ነው፤ አየሩ ይጨመቅና ለሰፋው ውኃ ቦታ ይለቅቃል።

የታችኛው ቤት ቫልቩን ገጠመ እንበል። ቀን በ9 ባር ፈንታ በ3 ባር ይቀዳል። ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ እጅ ለመታጠብም ሆነ እንስራ ለመሙላት በቂ ነው፤ የሚቀረው መርጨቱ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ይህን ቢያደርግ ለላይኛው ሰፈር ለውጡ አይታወቅም። የታችኛው ሰፈር ቤቶች በሙሉ ቢያደርጉት ግን በጋራው መሥመር የሚያልፈው ፍሰት ይቀንሳል፣ ፍትጊያውም ይለዝባል፣ ከላይ ለጠፋው 15 ሜትርም የተወሰነው ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ቤት ከመተው ይልቅ የውኃ አገልግሎቱ ትልቅ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ በሰፈሩ መግቢያ ላይ ቢያኖር ሥራው ይቀላል። ከተሞች በከፍታ ቀጠና የሚከፈሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ቀጠና የራሱ ማጠራቀሚያ ወይም የራሱ ቫልቭ ይኖረዋል።

የላይኛው ቤት ግን ይህን ዕቃ ገዝቶ ምንም አይጠቀምም። ቫልቩ የበዛውን ይቀንሳል እንጂ የጎደለውን አይጨምርም፤ 1 ባር ከገባበት ከ1 ባር የበለጠ አያወጣም። በዚያ ስፍራ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ሞተር ገዝተው በቀጥታ ከመንገዱ መሥመር ይስባሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ሞተሩ በመሥመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው አየር በታች ሲያወርደው በስንጥቆቹ በኩል ውኃ መውጣቱ ይቀርና በዙሪያው ያለው ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህንንም የሚጠጣው ሳቢው ብቻ አይደለም። የሞተሩ የመሳብ አቅምም በደጋ አገር ውሱን ነው። ሞተር ውኃን ከበታቹ ሳበ ስንል በእርግጥ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት ውኃን 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ሲችል፣ አየሩ በሳሳበት በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን 7.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው።

ለላይኛው ቤት የሚስማማው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በከተሞቻችን ሰው ሮቶ የሚለው የፕላስቲክ ታንከር ማለት ነው። በተንሳፋፊ ኳስ የሚዘጋ መግቢያ ተደርጎለት ከመንገዱ መሥመር ጋር ይያያዛል። በእኩለ ሌሊት የታችኛው ሰፈር ሲተኛ የመሥመሩ 1.5 ባር ይመለስና ውኃው ያለ ሞተር ታንከሩን ይሞላል። ይሁንና 1.5 ባር ውኃን የሚያወጣው እስከ 15 ሜትር ነውና የታንከሩ ማስቀመጫ ሲሠራ ይህ ልክ መታለፍ የለበትም። ማስቀመጫው ከመታጠቢያው 5 ሜትር ከፍ ቢል 0.5 ባር ይሰጣል፤ ይህም ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ በቂ ሲሆን ለሻወርም ደካማ ቢሆን ይደርሳል።